በውቅያኖስ ላይ የሚደክም ድምፅ

በራያ ቆላ ማሽላው ፍሬ መያዝ ሲጀምር ገበሬው በማሳው መካከል ማማ ይሠራል። ማማው ከፍ ባለ መጠን ጠባቂው የሚያየው መሬት ይሰፋል፤ ወፍም ሆነ ዝንጀሮ ገና ከሩቅ ይታየዋል። ይሁን እንጂ ማማው የቱንም ያህል ቢረዝም በምሥራቅ በኩል ካለው የዞብል ተራራ ማዶ ያለውን ሊያይ አይችልም። ተማሪዎች፣ በውቅያኖስ ላይ የሚበር አውሮፕላን ከምድር ጋር በራዲዮ ለመነጋገር የሚቸገረው ስለ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ከዚህ ማማ መነሣት ይበቃል።

አብራሪው ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ጋር ዘወትር የሚነጋገርበት ራዲዮ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ ይሠራል። ይህ ሞገድ ድምፅን አጥርቶ ያደርሳል፤ ነገር ግን እንደ ጠባቂው ዓይን ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ተራራም ሆነ የመሬት ክብነት ይጋርደዋል። አውሮፕላኑ 10,700 ሜትር ከፍ ብሎ ሲበር ሞገዱ የሚደርሰው ከ400 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው። ከቆቦ እስከ አዲስ አበባ በመኪና መንገድ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በቀጥታ መስመር ሲለካ ግን 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በዚያ ከፍታ በቆቦ ሰማይ የሚያልፍ አብራሪ ከአዲስ አበባ አንቴና ጋር መነጋገር ይችላል፤ ያንኑ ራዲዮ ይዞ በቆቦ ገበያ የቆመ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ቢጣራ የሚሰማው የለም።

በየብስ ላይ ችግሩን ለማቃለል በየተራራው ራስ ተጨማሪ አንቴና ይተከላል። በባሕር ላይ ግን አንቴና የሚተከልበት ተራራ ከየት ይመጣል? በሴኔጋል ከምትገኘው ዳካር እስከ ብራዚሏ ናታል 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ውኃ አለ። ከሁለቱም ዳርቻ 400፣ 400 ኪሎ ሜትር ቢሸፈን እንኳ በመካከሉ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚያስበርር ባዶ ቦታ ይቀራል።

ይህን ባዶ ቦታ ለመሻገር አብራሪዎች ለረጅም ዘመን ሲገለገሉ የኖሩት በአጭር ሞገድ ነው። ከምድር በላይ፣ ከ60 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ጀምሮ፣ የፀሐይ ጨረር አየሩን በኤሌክትሪክ የሞላበት አዮኖስፌር የሚባል ክፍል አለ። አጭር ሞገድ ወደ ላይ ሲላክ ይህ ክፍል እንደ ገደል ማሚቶ መልሶ ወደ ምድር ይልከዋል፤ በዚህም ምክንያት ድምፁ የመሬትን ክብነት ዘልሎ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የገደል ማሚቶው ግን ጠባየኛ ነው። ቀን ቀን፣ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው የታችኛው ንብብር ሞገዱን እየመጠጠ ያደክመዋል፤ ጀምበር ስትጠልቅ ግን ይህ ንብብር ይጠፋል። በአጭር ሞገድ ራዲዮ ሲያዳምጡ የኖሩ ወላጆቻችሁን ብትጠይቁ፣ ቀን የማይገኝ የሩቅ ጣቢያ ማታ ቁልጭ ብሎ ይሰማ እንደ ነበር ይነግሯችኋል። አብራሪውም ለቀን ከፍ ያለውን፣ ለሌሊት ዝቅ ያለውን ድግግሞሽ መምረጥ ግዴታው ነው። በዚህ ላይ፣ በክረምት ራዲዮ ሲያንኮሻኩሽ እንደምትሰሙት ሁሉ፣ እጅግ ርቆ የሚበርቅ መብረቅ በድምፁ ውስጥ ይገባል።

አገራችን ለዚህ ነገር ባዕድ አይደለችም። የመግነጢስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አግድም የሚቆምበት መስመር፣ ማለትም የምድር መግነጢሳዊ ወገብ፣ ኢትዮጵያን አቋርጦ ያልፋል። በዚህ መስመር አካባቢ አዮኖስፌር ከጀምበር መጥለቅ በኋላ ብዙ ጊዜ ይናወጣል፤ በዚያ የሚያልፍ ሞገድም ይዋዥቃል። በአዲስ አበባ የሚገኘው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲቋቋም አንዱ ምክንያት ከተማዪቱ ለመስመሩ ቅርብ መሆኗ ነበር። ይኸው መስመር ወደ ምዕራብ ሄዶ አትላንቲክን በመሻገር ብራዚል ይገባል።

ፀሐይ ራሷ ስትቆጣ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። እ.ኤ.አ. መስከረም 6 ቀን 2017 ከፀሐይ ላይ ኃይለኛ ፍንዳታ ተነሥቶ በፀሐይ ብርሃን ሥር በነበረው የምድር ገጽታ የአጭር ሞገድ ግንኙነት ታወከ። በብራዚልና በፈረንሳይ ጊያና ባሕር ዳርቻ አንጻር ይበር ከነበረ አንድ አውሮፕላን ጋር የነበረው የራዲዮ ግንኙነት ለ90 ደቂቃ ያህል ተቋረጠ፤ ተቆጣጣሪዎቹም የሥጋት ማስታወቂያ እስከ ማውጣት ደረሱ። በመጨረሻ የኒው ዮርክ ራዲዮ ጣቢያ አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ ከአብራሪው ተቀበለ። በእነዚያው ቀኖች ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ የካሪቢያን ደሴቶችን ይመታ ስለ ነበር ለእርዳታ በአጭር ሞገድ የሚነጋገሩትም ተቸግረው ነበር።

ራዳር በማይደርስበት ውቅያኖስ ላይ ተቆጣጣሪው አውሮፕላኑን በዓይኑ አያየውም፤ ለረጅም ዘመን ይከታተለው የነበረው በቃል ብቻ ነው። አብራሪው ስሙን፣ ያለበትን ነጥብ፣ ሰዓቱንና ከፍታውን፣ ከዚያም በሚቀጥለው ነጥብ የሚደርስበትን ሰዓት ይናገራል፤ አድማጩም የሰማውን መልሶ ያነብለታል። ቃል በቃል መድገሙ ለማያውቅ ሰው አሰልቺ ይመስላል። በጩኸት መካከል ግን «አምስት»ን «ዘጠኝ» ብሎ የሰማ ሰው ስሕተቱን የሚያውቀው በዚህ ብቻ ነው።

ቃሉ ሳይሰጥ ሲቀር ምን ሊደርስ እንደሚችል እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2009 ታይቷል። ከሪዮ ደ ጃኔይሮ ወደ ፓሪስ ይበር የነበረው የኤር ፍራንስ 447 አውሮፕላን ከብራዚል ተቆጣጣሪ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገረው ከመውደቁ 40 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ነበር። ተቆጣጣሪው ከዳካር ክልል ጋር በሚያዋስነው ነጥብ የሚደርስበትን ሰዓት ሦስት ጊዜ ጠየቀ፤ መልስ አላገኘም። የአደጋው መነሻ ራዲዮ አልነበረም፤ የፍጥነት መለኪያዎቹ በበረዶ መደፈናቸውና አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን መቆጣጠር አለመቻላቸው ነበር። ሆኖም በውቅያኖስ ላይ ዝምታ የተለመደ በመሆኑ ማንም ቶሎ አልደነገጠም፤ የአደጋ ማስታወቂያ የወጣው ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። 228 ሰዎች ሞቱ። የአውሮፕላኑ ስብርባሪ በ3,900 ሜትር ጥልቀት የተገኘው ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል፣ በሚያዝያ 2011 ነበር።

አሁን ብዙ አውሮፕላኖች ከአብራሪው ወደ ተቆጣጣሪው የተጻፈ መልእክት በሳተላይት ይልካሉ፤ ጽሑፍ ደግሞ እንደ ድምፅ አያንኮሻኩሽም። ከኅዳር 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች በውቅያኖስ ላይ ሲበሩ የሚገኙበት ቦታ ቢያንስ በየ15 ደቂቃው መታወቅ አለበት። አጭር ሞገድም አልተጣለም። አውሮፕላኑ ወደ ውቅያኖስ ከመግባቱ በፊት የምድር ጣቢያው በአራት ፊደላት መለያው ይጠራዋል፤ በአብራሪዎቹ ክፍል ደወል ይጮኻል፤ ደወሉ መሥራቱ ከተረጋገጠ በኋላ አብራሪዎቹ የሞገዱን ጩኸት ሌሊቱን ሙሉ ማዳመጥ ሳያስፈልጋቸው፣ የሚጠራቸው ሲኖር በደወሉ እየሰሙ ጉዟቸውን ይቀጥላሉ።