በጆሃንስበርግ ለመከተብ ስንት ወረቀት ያስፈልጋል?

በ2021 የኮቪድ ክትባት ደቡብ አፍሪካ ሲገባ፣ እዚህ ጆሃንስበርግ የምንኖር ኢትዮጵያውያን መጀመሪያ የጠየቅነው «ያማል ወይ?» ብለን አልነበረም። «ለእኛም ይሰጣል ወይ?» ብለን ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆቹ ናቸው። ለምን ይህን እንዳነሳሁ ወደ ኋላ ይገባችኋል።)

ጥያቄው ከሜዳ የመጣ አይደለም። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ የጤና ሚኒስትሩ ዝዌሊ ምኪዜ፣ መንግሥት ሰነድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች የመከተብ አቅም እንደሌለው ተናግረው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ፌብሩዋሪ 1 ላይ ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎዛ በቴሌቪዥን ቀርበው፣ ክትባቱ ዜግነትና የመኖሪያ ፈቃድ ሳይለይ በአገሪቱ ለሚኖር አዋቂ ሁሉ እንዲዳረስ እንደሚፈልጉ አስታወቁ። የጄፒ ነጋዴ ያቺን የንግግሩን ክፍል ቆርጦ በዋትሳፕ ሲቀባበላት ሰነበተ።

ቃል መግባት አንድ ነገር ነው። በዚያው ቀን ከሕንድ የመጣው አንድ ሚሊዮን ዶዝ አስትራዜኔካ፣ ደቡብ አፍሪካ ላይ በተገኘው ዝርያ ቀለል ያለ በሽታ ለሚይዘው ሰው ብዙም እንደማይጠቅም በጥናት ስለታየ፣ በሳምንቱ ሥራ ላይ እንዳይውል ታገደ። ኢትዮጵያ በበኩሏ ማርች 7 ላይ በኮቫክስ በኩል 2.2 ሚሊዮን ያህል ዶዝ አስትራዜኔካ ተረከበች። እናም አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ከእኔ በፊት ተከተበች። «አንተ ሀብታም አገር ተቀምጠህ እስካሁን?» ትለኛለች በስልክ። ምን ልበላት?

ለ60 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ምዝገባው የተከፈተው ኤፕሪል 16 ነው። የሚገርመው፣ ትልቁ የሻርሎት ማክሴኬ ሆስፒታል በእሳት የተያዘውም በዚያው ዕለት ነበር። ምዝገባው ኢቪዲኤስ በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ነው፤ በድረ ገጽ፣ በዋትሳፕ ወይም በስልክ አጭር ኮድ ትመዘገባለህ፣ ተራህ ሲደርስ በኤስኤምኤስ ቁጥር ይላክልሃል። ሙያዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ተራዬ ሳይደርስ ገብቼ ፎርሙን አየሁት። ማንነትህን የምታስገባበት ምርጫ ሦስት ነው። የደቡብ አፍሪካ መታወቂያ ቁጥር፣ ፓስፖርት፣ ወይም የስደተኛና የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ቁጥር።

የአገሩ መታወቂያ 13 አሃዝ አለው። የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ የልደት ቀን ናቸው፤ ቀጣዮቹ አራቱ ጾታን ይለያሉ፤ አስራ አንደኛው ዜጋ ከሆንክ 0፣ ቋሚ ነዋሪ ከሆንክ 1 ነው፤ የመጨረሻው ቁጥሩ በትክክል መጻፉን ማረጋገጫ ነው። በአፓርታይድ ጊዜ ዘርህም እዚያው ቁጥር ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ለፕሮግራመር እንዲህ ያለ ቁጥር ገነት ነው። ዕድሜ ሳትጠይቅ ታውቃለህ፣ የተሳሳተውን ወዲያው ትመልሳለህ። ፓስፖርት ግን እንደየአገሩ ይለያያል። የጥገኝነት ፋይል ቁጥርማ ፊደልና አሃዝ የተደባለቀበት ስለሆነ፣ ከወረቀት ወደ ስልክ ሲገለበጥ አንዷ ዜሮ «ኦ» ሆና ትገባለች። አራተኛው ምርጫ፣ «ምንም የለኝም» የሚለው፣ ጭራሽ አልነበረም። ፕሬዚዳንቱ «ሁሉም» ሲሉ፣ ፎርሙ «ቁጥር ያለው ሁሉ» አለ። ክፋት ነው አልልም። ፎርም የሚሠራ ሰው የሚያስበው ስለሚያውቀው ሰው ነው።

ጄፒን ለማያውቅ ልንገር። መሃል ከተማ ያለ፣ ዛሬ ራሂማ ሙሳ ተብሎ የተሰየመ ጎዳና ነው፤ እኛ ግን ጄፒ ማለቱን አልተውንም። ፎቅ ለፎቅ የኢትዮጵያውያን ሱቅ፣ ጀበና ቡናና ክትፎ ቤት የሞላበት ነው። ከደቡብ ኢትዮጵያ፣ በተለይ ከሐዲያና ከከምባታ፣ የመጣው ወገናችን ብዙ ነው። አብዛኛው የሚኖረው በጥገኝነት ወረቀት ነው። የጆሃንስበርጉ የስደተኞች መቀበያ ቢሮ በ2011 ከተዘጋ ወዲህ ወረቀት ለማሳደስ የሚኬደው ፕሪቶሪያ ሲሆን፣ ኮቪድ ሲመጣ ደግሞ በ2020 ቢሮዎቹ በሙሉ ተዘጉ። መንግሥት ጊዜው ያለፈበትን ወረቀት በጅምላ ያራዝም ነበር። ስለዚህ በሕግ ፊት ወረቀትህ ይሠራል። ወረቀቱ ላይ የታተመው ቀን ግን አልፏል። ይህን በር ላይ ለቆመ የጥበቃ ሠራተኛ አስረዳ እስቲ!

አንዳንዴ ግን ወረቀት የተሳሳተበት ሰው ዕድለኛ ይሆናል። ከሆሳዕና የመጣ አንድ ወዳጄ ጥገኝነት ሲጠይቅ የልደት ዘመኑን 1980 ብሎ ነገራቸው፤ በእኛ አቆጣጠር፣ ጥር ወር። እነሱም እንዳለ ጻፉት። በፈረንጅ 1988 መሆኑ ነው። እናም በ2021 ሰውየው ገና 33 ዓመቱ ሲሆን በወረቀቱ 41 ሞላው። ከ35 በላይ ላሉት ክትባቱ በኦገስት መጀመሪያ ሲከፈት ተከተበና እኛን እኩዮቹን ሦስት ሳምንት ቀደመን። «አገሬ ምን ሰጠችህ ካላችሁኝ፣ ስምንት ዓመት!» እያለ ይስቃል። ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም። ያደሰው ፓስፖርት ላይ ትክክለኛው ዘመን አለ፣ የአያቱ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ገብቷል። የክትባት ማስረጃው ደግሞ በወረቀቱ ስምና ዘመን የተጻፈ ነው። ለአንድ ክንድ ሁለት ሰው ተመዘገበበት ማለት ነው።

የእኔ ተራ ኦገስት 20 ደረሰ፤ ከ18 ዓመት ጀምሮ ለሁሉም የተፈቀደው ያን ቀን ነው። የሥራ ቪዛ የተለጠፈበት ፓስፖርት ይዤ አንድ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። አስተናጋጇ «አይዲ?» አለች። ፓስፖርቴን ሰጠኋት። ገለበጠችው፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ ቁጥሬን ሁለት ጊዜ ጻፈች፣ ሌላ ሰው ጠራች። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ እንጂ አለቀ። ነርሷ ከየት እንደመጣሁ ጠይቃኝ «የኢትዮጵያ ቡና አመጣህልኝ?» እያለች ወጋችኝ። ሁለተኛው ፋይዘር ከ42 ቀን በኋላ ነበር። ሳንቲም አልከፈልኩም። ይህን ሳልናገር ማለፍ ነውር ነው፤ ክትባቱ ለዜጋውም ለስደተኛውም በነፃ ነበር።

የሎኬሽን ሱቅ ላለው ሰው ግን ነፃ ማለት ነፃ አይደለም። ለመከተብ ሱቅ ይዘጋል፣ ለሁለተኛው ደግሞ እንደገና ይዘጋል። ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጋውን ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ሲፈልጉ የነበረው ለዚህ ነው እንጂ ስለ ሳይንሱ ተከራክረው አይደለም። በዚያ ላይ ጁላይ ላይ ጃኮብ ዙማ ሲታሰሩ የተነሳው ሁከት ከ350 በላይ ሰው ገደለ፣ ሱቆች ተዘረፉ፣ ጋውቴንግና ክዋዙሉ ናታል ውስጥ የክትባት ጣቢያዎችም ተዘግተው ከረሙ። ሱቁ የተዘረፈበትን ሰው «ሄደህ ተከተብ» ለማለት ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ሌላው ደግሞ አድራሻውን መስጠት ፈራ። «ነገ በዚሁ አድራሻ መጥተው ቢይዙኝስ?» ይል ነበር አንድ ጋሼ። እኔም የውሂብ ጥበቃ ሕግ ላስረዳቸው ሞከርኩ። በትዕግሥት አዳመጡኝና «አንተ ቪዛ አለህ ልጄ» አሉኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ሰነድ ለሌላቸው መንገድ የተበጀው ዓመቱ ወደ ማለቂያው ሲሄድ ነው። ዘገየ፣ ግን ተበጀ። እኔ ይህ እንዲረሳ አልፈልግም፤ ምክንያቱም ዛሬ ወሬው ተገልብጧል። ኦፕሬሽን ዱዱላ የሚባለው ቡድን አባላት በ2025 ክሊኒክ በር ላይ እየቆሙ መታወቂያ ሲጠይቁ፣ የሌለውን ሲመልሱ ከረሙ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ግን የጤና አገልግሎት የማግኘት መብትን የሚሰጠው «ለእያንዳንዱ ሰው» ነው፤ «ለእያንዳንዱ ዜጋ» አይልም። የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በኖቬምበር 2025 ቡድኑ ሰዎችን ከክሊኒክ እንዳይከለክል አዘዘ። ፓስፖርት ወይም መታወቂያ አሳዩ ማለት የሚችሉት የኢሚግሬሽን መኮንንና ፖሊስ ብቻ ናቸውም አለ።

ከውሳኔው በፊት የደም ግፊት ያለባት አንዲት ጎረቤቴ መድኃኒቷን ልትወስድ ሄዳ ነበር። በር ላይ የቆሙት ማን እንደሆኑ አልነገሯትም፤ አይዲ ብቻ ጠየቋት። እሷም ከቦርሳዋ የ2021 የክትባት ካርዷን አውጥታ አሳየቻቸው። ያኔ በዚሁ ክሊኒክ ነበር የተከተበችው፤ ስሟ፣ ቀኑና ማኅተሙ በደንብ ይነበባል። አዩትና መለሱላት። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቷን ከግል መድኃኒት ቤት በራሷ ገንዘብ ትገዛለች፤ ፍርድ ቤቱ ወስኗል ብዬ ብነግራትም እስካሁን ወደዚያ አልተመለሰችም።