ክሪፐር የሚሰጠው አንድ ሰከንድ ተኩል

ኮምፒውተር እንደ ልቡ ቢለቀቅ ተጫዋቹ ከጥግ ብቅ ሲል እዚያው ተኩሶ ይጥለዋል። ሰው ግን ዐይኑ ያየውን ተረድቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በሰከንድ 60 ምስል በሚያሳይ ጌም 15 ምስል አለፈው ማለት ነው። የቪዲዮ ጌም ሠሪዎች ጠላትን ሆን ብለው የሚያዘገዩት ለዚህ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 የጃፓኑ ናምኮ ባወጣው ፓክ-ማን፣ አሳዳጆቹ መናፍስት የት እንደሚታጠፉ የሚወስኑት መታጠፊያው ጋ ከመድረሳቸው አንድ ካሬ ቀደም ብለው ነው። ተጫዋቹ በመጨረሻዋ ቅጽበት ቢዞር እነሱ በያዙት መንገድ ይነጉዳሉ። በ1998 የወጣው ቲፍ ደግሞ ጥርጣሬን በደረጃ ከፋፈለ፤ ኮቴ የሰማ ጠባቂ መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ቀጥሎ ይፈልጋል፣ ካጣ ወደ ሥራው ይመለሳል። በዚያው ዓመት በሜታል ጊር ሶሊድ ወታደሮች አናት ላይ ብልጭ የምትለዋ ቃለ አጋኖም ለተጫዋቹ የማምለጫ ፋታ ትሰጣለች።

ለእኔ ከሁሉም የተዋጣለት የማይንክራፍቱ ክሪፐር ነው። ይህ አረንጓዴ ፍጡር ሳይታወቅ ይጠጋና 3 ብሎክ ያህል ሲቀረው ቀጥ ብሎ ይቆማል። እንደ እባብ እየፏጨ፣ ገላው ነጣ ነጣ እያለ ያብጣል። ከዚያ 1.5 ሰከንድ፣ ከዚያ ፍንዳታ። በዚያች ጊዜ ተጫዋቹ ከ7 ብሎክ በላይ ከራቀ ወይም ግድግዳ ከጋረደው ክሪፐሩ ተንፍሶ እንደገና ማሳደዱን ይቀጥላል። ጊዜዋ ለመሸሽ ትበቃለች፤ ቤትህን ላትታደግ ግን ትችላለህ። ተንኮሉም እዚህ ላይ ነው።

በኋላ ዘዴው ወጥመድ ሆነ። በ2022 በወጣው ኤልደን ሪንግ ማርጊት የተባለው ባላንጣ በትሩን አንስቶ አየር ላይ ያቆየዋል። በትሩ ሲነሳ ቸኩሎ የተንከባለለ ተጫዋች፣ ተንከባልሎ ሲነሳ ምቱ ይቀበለዋል። አንዳንዶች ፍርደ ገምድል ይሉታል፤ እኔ ግን ለደመ ሞቃት የተዘጋጀ ፈተና ብዬዋለሁ።

ማንም ያላቀደው መዘግየትም አለ። ማይንክራፍት ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ 20 ምት ነውና፣ የተጨናነቀ ሰርቨር ምቱ ሲወርድ የክሪፐሩም ፉጨት ይረዝማል። ኢንተርኔቱ ከተንቀረፈፈ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ በተጫዋቹ ስክሪን ላይ ገና ሩቅ የሚታየው ክሪፐር በሰርቨሩ ዘንድ ፈንድቶ ጨርሷል።