ማሽኑ ዜሮ ሲል
(ስለ ዝናብ መለኪያ በሬዲዮ ከተደረገው ንግግር)



በሐምሌ ወር አንድ ወዳጄ ከጎንደር ከአራዳ ስልክ ደወለልኝ። ወዳጄ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የአየር ጠባይ መከታተል ስለሚወድ፥ ውጭ አገር ያለችው እኅቱ የላከችለትን የአየር ጠባይ መለኪያ በቆርቆሮ ጣራው ላይ አቁሞ፥ ቍጥሩን በየቀኑ በኮምፒዩተር ያነባል። «አራት ቀን ሙሉ ዝናቡ ጣራዬን ሲደበድበው አደረ፤ ማሽኑ ግን ዜሮ ይላል። በአምስተኛው ቀን ደግሞ ፀሓይ ወጥታ ሳለ፥ ሲዘንብ ዋለ ብሎ ጻፈ። ሶፍትዌሩን አጥፍቼ እንደ ገና ልጫነው ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ከሶፍትዌሩ በፊት መሰላል ፈልግ አልሁት።

ምክንያቱን ለመረዳት መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ዝናብ የሚለካው በጥልቀት ነው። ይኸውም የዘነበው ውኃ ሳይሰርግ፥ ሳይፈስና ሳይተን በደልዳላ ስፍራ ቢጠራቀም ስንት ሚሊ ሜትር ይቆም ነበር ማለት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። ለዚህ ሥራ አፉና ወገቡ እኩል የሆነ ተራ ዕቃ ይበቃል። የቃኘው ሻለቃ ዘማቾቻችን በ1943 ዓ. ም. በሄዱባት በኮርያ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1441 እና በ1442፥ በንጉሥ ሴጆንግ ዘመን፥ አንድ ልክ ያለው የዝናብ መለኪያ ተሠርቶ ለየአውራጃው ታድሎ ነበር። ዕቃው ቀላል ነው፤ የሚያስደንቀው በአገሩ ሁሉ ልኩ አንድ መሆኑ ነው።

በወዳጄ ጣራ ላይ ያለው ግን ሌላ ዓይነት ነው። የዚህ ዓይነቱን መለኪያ በ17ኛው መቶ ዓመት ካሰቡት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ሬን ነው። በአፈ ሰፊው መቀበያ ሥር እንደ ሚዛን የሚወዛወዙ ሁለት ትናንሽ ጽዋዎች አሉ። አንዱ ሲሞላ ከክብደቱ የተነሣ ይገለበጥና ውኃውን ያፈሳል፤ ወዲያውም ሁለተኛው ከቀዳዳው ሥር ይቀርባል። በዛሬዎቹ መሣሪያዎች ጽዋው በተገለበጠ ቍጥር ማግኔት በአንዲት ትንሽ ማብሪያ አጠገብ ያልፍና አንድ ምልክት ይሰጣል። ሴንሰሩ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። ዝናብን አያውቅም፤ መገልበጥን እንጂ። ሶፍትዌሩም የተገለበጠበትን ቍጥር በጽዋው ልክ፥ በብዙዎቹ መሣሪያዎች በ0.2 ሚሊ ሜትር፥ ያባዛዋል።

ወዳጄ መሰላሉን ወጥቶ ባየ ጊዜ የመቀበያውን ቀዳዳ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የወፍ ኩስ ደፍኖት አገኘ። ውኃው ከላይ ተጠራቅሞ ቆይቶ፥ በአምስተኛው ቀን ቅጠሉ ፈቀቅ ሲልለት ቀስ እያለ ወርዶ ተቈጠረ። ስለዚህ ማሽኑ በፀሓይ የጻፈው ዝናብ ሐሰት አልነበረም፤ የዘገየ ነበር እንጂ። ከአፉ ሞልቶ የፈሰሰው ግን ጨርሶ ጠፍቷል።

እንዲህ ያለው ጉድለት በሠንጠረዡ ላይ መልኩን ያሳያል። ዝናቡ ካባራ በኋላ እየተንጠባጠበ ለብዙ ሰዓት የሚቀጥል ቍጥር ሲታይ ቀዳዳው መደፈኑን መጠርጠር ይገባል። በበጋ፥ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፥ ነፋስ በበረታ ጊዜ ብቻ አንዳንድ 0.2 ብቅ ሲል መሣሪያው በሚገባ አልታሰረም፤ ጽዋውን የሚገለብጠው መወዝወዙ ነው። በደባርቅና በስሜን ደጋ ደግሞ በረዶ መቀበያውን ይሞላዋል፤ ከፊሉ ነጥሮ ይወድቃል፥ የቀረው ቀልጦ እስኪቈጠር ጊዜ ይፈጃል። ኃይለኛ ዶፍ ሲወርድም ጽዋው በሚገለበጥበት ቅጽበት የሚወርደው ውኃ ሳይቈጠር ያመልጣል፤ ስለዚህ ዶፉ በበረታ መጠን ማሽኑ አሳንሶ ይጽፋል።

ከጽዋው ወዲህ፥ በሶፍትዌሩ በኩል የሚመጣው ስሕተት ሌላ ነው። አንዳንዱ መሣሪያ የሚሠራው በኢንች ስለ ሆነ የጽዋው ልክ 0.254 ሚሊ ሜትር ነው። ጽዋው 0.2 ሆኖ ሳለ ሶፍትዌሩ 0.254 ተብሎ ከተነገረው፥ 100 ሚሊ ሜትር የዘነበው 127 ሆኖ ይጻፋል። ይህ ስሕተት ዓመቱን ሙሉ በልኩ ስለሚሄድ ማንም አይጠረጥረውም፤ እኔ ከሁሉ የምፈራውም እርሱን ነው። የሚታየው ስሕተት ግን አስቂኝ ነው። መሣሪያው የሚልከው ከመጀመሪያው ጀምሮ የተጠራቀመውን የመገልበጥ ቍጥር ነው፤ ሶፍትዌሩ ያለፈውን ከአሁኑ ይቀንሳል። ቍጥሩ 4,310 ደርሶ ሳለ ባትሪ ደክሞ አንድ ጊዜ ዜሮ ቢላክና ከዚያ እንደ ገና 4,310 ቢመጣ፥ ማሽኑ በአንድ ደቂቃ 862 ሚሊ ሜትር ዘነበ ይላል። በዓለም በአንድ ደቂቃ ወረደ ተብሎ ከሚታወቀው ዝናብ ከፍተኛው 40 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

የሰዓትና የቀን ነገርም በአገራችን የተለየ ጥንቃቄ ያሻዋል። ወዳጄ ሰዓቱን በእኛ አቈጣጠር ሞልቶት ስለ ነበር፥ ቀን በ9 ሰዓት የወረደው የክረምት ዝናብ በማሽኑ ዘንድ የጧት ዝናብ ሆኖ ነበር። ደግሞም በአገራችን የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች የዕለት ዝናብ የሚነበበው ከጧቱ በ3 ሰዓት ነው። የሰኞ ማታ ዝናብ ማክሰኞ ጧት ይለካል፤ የቤት መሣሪያ ግን ቀኑን በእኩለ ሌሊት ይቈርጣል። ሁለቱን ሠንጠረዥ ያስተያየ ሰው፥ ይህን ካላወቀ፥ አንዱ ዋሽቷል ይላል። ጁላይን ሐምሌ ብሎ የሚተረጕም ጸሓፊም ካለ፥ ሐምሌ የሚብተው ጁላይ 8 ቀን መሆኑን ያስታውስ። ሐምሌና ነሐሴ ከጎንደር የዓመት ዝናብ ግማሽ ገደማውን ስለሚይዙ፥ የሰባት ቀን መንሸራተት ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን በየቢሮው ሠንጠረዥ የምናዘጋጅ ሰዎች ሁላችን ወደሚነካን ነገር ልምጣ። ባትሪ የሞተበት ቀንና ዝናብ ያልዘነበበት ቀን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ባዶ ነው፤ ሁለተኛው ዜሮ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ሶፍትዌር ባዶውን በዜሮ ይሞላዋል፤ ሶፍትዌሩ ባይሞላው ደግሞ ሠንጠረዡ ጎዶሎ እንዳይመስል የሚሞላው ትጉህ ጸሓፊ አይጠፋም። ይህ ሰው ተንኰለኛ አይደለም፤ ንጽሕና ወዳድ ነው። በ2015 ዓ. ም. ክረምት ዝናብ አጥሮ በሰሜን ጎንደር፥ በጃን አሞራና በጠለምት፥ ገበሬው አዝመራውን አጥቶ፥ ከብቱም አልቆ፥ በ2016 ዓ. ም. ብዙ ሕዝብ ለችግር ተጋለጠ። በእንዲህ ያለ ዓመት እውነተኛው ዜሮ ፈጥኖ መታመን አለበት። በሌላው ዓመት ከባትሪ ጉድለት የተወለዱ ብዙ ዜሮዎች በመዝገቡ ውስጥ ከተቀላቀሉ ግን፥ እውነተኛው ዜሮ በመጣ ጊዜ አንባቢው «ደግሞ ማሽኑ ተበላሸ» ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ያልተለካ ቀን ባዶውን ይቀመጥ፤ የተጠረጠረ ቍጥርም ሳይፋቅ በአጠገቡ ምልክት ይደረግበት፥ ምክንያቱም ይጻፍ።

መሣሪያውን ለመፈተን ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የመቀበያው አፍ ስፋት 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ከሆነ፥ ማለት ከዳር እስከ ዳር 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ፥ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ 20 ሚሊ ሊትር ውኃ ነው። 400 ሚሊ ሊትር ተለክቶ፥ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ በሚፈጅ ቀጭን ጠብታ ቢፈስበት፥ ጽዋው 100 ጊዜ ተገልብጦ ማሽኑ 20 ሚሊ ሜትር ሊጽፍ ይገባል። በችኰላ ያፈሰሰው ሰው መሣሪያውን ያለ ጥፋቱ ይከሰዋል። ከፈተናው አስቀድሞ መሣሪያው ቀጥ ብሎ መቆሙን በግንበኞች ውኃ ልክ ማየት፥ የሸረሪት ድሩንም መጥረግ ይገባል። በፈተናው ቀን የሚመዘገበው 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ አለመሆኑን መጻፍም እንዳይረሳ።

ወዳጄ መሣሪያውን ከጣራ አውርዶ፥ ከግንቡና ከዛፉ ቢያንስ የቁመታቸውን ሁለት እጥፍ አርቆ፥ በግቢው ውስጥ ተከለው። በአጠገቡም አፉና ወገቡ እኩል የሆነ ጣሳ አቆመ። ባለፈው እሑድ ኃይለኛ ዶፍ ከወረደ በኋላ ማሽኑ 17.4፥ በጣሳው ውስጥ የተነከረው ማስመሪያ ደግሞ 18 ሚሊ ሜትር አሳዩት። «የትኛውን ልመዝግብ?» ብሎ ደወለልኝ። ሁለቱንም ጻፍ፤ የዶፉንም ሰዓት ጨምርበት አልሁት።