ፕሮስቴት ከወጣ በኋላ የሚነበበው ቁጥር

በካንሰር ምክንያት የፕሮስቴት ዕጢው በቀዶ ሕክምና የወጣለት አንድ ሰው የደም ምርመራ ውጤቱን ተቀበለ እንበል። ወረቀቱ ላይ «ፒኤስኤ 0.6» ይላል፤ ጎኑ ላይ ደግሞ «ጤናማ መጠን ከ0 እስከ 4» ተብሎ ታትሟል። ሰውየው ተመስገን ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። ያ የታተመ መጠን ግን ፕሮስቴታቸው ላልወጣ ወንዶች የተዘጋጀ ነው፤ እሱን አይመለከተውም። የእሱ 0.6 ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው የሚገባ ውጤት ነው።

ፒኤስኤ የፕሮስቴት ሕዋሳት የሚያመርቱት ፕሮቲን ነው። ሥራው የዘር ፈሳሽን ማቅጠን ሲሆን ጥቂቱ ወደ ደም ያልፋል። ጤነኛውም የታመመውም ሕዋስ ስለሚያመርተው፣ ዕጢው ባልወጣለት ሰው ላይ ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንሰር ይሁን በዕድሜ የመጣ የዕጢ ማደግ ወይም ኢንፌክሽን ወዲያው መለየት ያስቸግራል። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ ግን ይህ ጥርጣሬ በአብዛኛው ይወገዳል። ደም ውስጥ የቀረው ፒኤስኤ በየሁለትና ሦስት ቀኑ በግማሽ እየቀነሰ ይሄድና ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ መሣሪያ ለይቶ ከማያየው መጠን በታች ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ከፍ እያለ ከመጣ የሆነ ቦታ የሚያመርተው ሕዋስ ቀርቷል ማለት ነው፤ አልፎ አልፎ ጤነኛ ቅሪት ሊሆን ቢችልም ዋናው ስጋት ካንሰሩ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ምርመራውን እ.ኤ.አ. በ1986 መጀመሪያ የፈቀደውም ካንሰሩ የታወቀባቸውን ሰዎች ለመከታተል ነበር።

ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ካንሰሩ አገረሸ ለማለት በብዛት የሚጠቀሙበት መስፈርት በሚሊ ሊትር ደም 0.2 ናኖግራምና ከዚያ በላይ ነው፤ እሱም በሁለተኛ ምርመራ ሲረጋገጥ። ከአንዱ ቁጥር ይልቅ ብዙ የሚናገረው ግን የጭማሪው ፍጥነት ነው። ከ0.2 ወደ 0.4 በሦስት ወር የደረሰና በሁለት ዓመት የደረሰ ሰው ሕመማቸው እኩል አይደለም።

ቁጥሩ ጨመረ ማለትም ሞት ደረሰ ማለት አይደለም። የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት 1,997 የቀዶ ሕክምና ታካሚዎችን ተከታትለው 315ቱ ፒኤስኤያቸው መጨመሩን አይተዋል። ቁጥሩ ከጨመረበት ጊዜ አንስቶ ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል መሰራጨቱ እስኪታይ ድረስ ያለው መካከለኛ ጊዜ ስምንት ዓመት ነበር። ይህ ሰፊ ጊዜ ግን ለመዘናጋት አይደለም፤ ቀዶ ሕክምናው በተደረገበት ቦታ ላይ የሚሰጠው የጨረር ሕክምና ይበልጥ የሚሠራው ፒኤስኤው ከ0.5 ሳያልፍ ሲጀመር ነው።

ምርመራው ከአላስፈላጊ ሕክምናም ያድናል። ራዲካልስ የተባለውና በእንግሊዝ፣ በዴንማርክ፣ በካናዳና በአየርላንድ የተካሄደው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳሳየው፣ ከቀዶ ሕክምናው ቀጥሎ ሁሉንም በጨረር ማከም ፒኤስኤን እየተከታተሉ ሲጨምር ብቻ ከማከም የተሻለ ውጤት አላመጣም፤ የሽንት ችግርን ግን አብዝቷል። እኔ ለዚህ የደም ምርመራ ትልቅ ዋጋ የምሰጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ብዙ ወንዶች ጨረር ሳይነካቸው እንዲኖሩ አስችሏል።

ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች ስለሚለያዩ በተቻለ መጠን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይመርመሩ፤ እያንዳንዱን ውጤት ከነቀኑ መዝግበው ይያዙ። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ በከፍተኛ መጠን የሚወሰድ ባዮቲን በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ቁጥሩን ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ስለሚችል፣ የሚወስዱ ከሆነ ደም ከመስጠትዎ በፊት ይናገሩ። ምርመራው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየጥቂት ወሩ፣ ኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ይሆናል። ከአሥር ዓመት በኋላም የሚያገረሽበት ሰው አለና ሐኪምዎ ሳያቆምዎት ደኅና ነኝ ብለው አያቋርጡ።