«ክፍፍል» የሚለው ቃልና የሕዋስ ትምህርት

በተራ አነጋገራችን የተከፈለ ነገር ያንሳል። አንድ እንጀራ ለሁለት ሰው ቢከፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ግማሽ ነው፤ በውርስ ክፍፍልም ወራሾች በበዙ ቁጥር የእያንዳንዳቸው ድርሻ ይቀንሳል። ተማሪው ይህን ፍቺ ይዞ ወደ ሥነ ሕይወት ትምህርት ሲገባ «የሕዋስ ክፍፍል» የሚል ስያሜ ይጠብቀዋል። የሰው የአካል ሕዋስ 46 ክሮሞሶሞች እንዳሉት ካነበበ በኋላ፣ ሕዋሱ ለሁለት ሲከፈል ለእያንዳንዱ 23 ይደርሰዋል ብሎ ቢያሰላ ስሕተቱ ከሒሳቡ ሳይሆን ከቃሉ የመጣ ነው።

ሕዋሱ ከመከፈሉ አስቀድሞ በኒውክለሱ ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ እጥፍ ያደርጋል። እያንዳንዱ ክሮሞሶም ከቅጂው ጋር ተጣብቆ ይቆያል፤ ከዚያም በሕዋሱ ወገብ ላይ ይሰለፋሉ፤ ከሁለቱ ዋልታዎች የተዘረጉ ቀጫጭን ክሮችም ቅጂዎቹን እየለያዩ ወደየአቅጣጫቸው ይስቧቸዋል። በመጨረሻ ሕዋሱ ራሱ ሲከፈል ሁለቱም ልጅ ሕዋሶች 46፣ 46 ይዘው ይገኛሉ። ይህ ሚቶሲስ ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1882 ያወጣው ጀርመናዊው ዋልተር ፍሌሚንግ ሲሆን፣ መነሻው «ክር» የሚል የግሪክ ቃል ነው፤ ሊቁ የሰየመው በማጉያ መሣሪያው ያየውን እንጂ የድርጊቱን ውጤት አልነበረም።

ሜዮሲስ ግን ከዚህ ይለያል። የዘር ሕዋሶች በሚዘጋጁበት ጊዜ ዲኤንኤው አንድ ጊዜ ብቻ ታጥፎ ሕዋሱ ሁለት ጊዜ ስለሚከፈል፣ እያንዳንዱ ውላጅ 23 ክሮሞሶሞች ብቻ ይደርሱታል። የእንጀራው ምሳሌ የሚሠራው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ የተነሣ ሁለቱን ድርጊቶች ያለ ቅጽል «ክፍፍል» ብሎ ማለፍ አይበቃም። የመጀመሪያው «አቻ ክፍፍል»፣ ሁለተኛው «ገማሽ ክፍፍል» ቢባሉ ስያሜው ራሱ ቁጥሩን ያስታውሳል። ለሁለተኛው «ቀናሽ» ማለትም ይቻል ነበር፤ ሆኖም ምን ያህል እንደሚቀንስ አይናገርም።

«ሕዋስ» ራሱም ከእንቅፋት የነጻ አይደለም። ቃሉ ከግእዝ የወረስነው ሲሆን፣ አምስቱ ሕዋሳት ስንል ማየትን፣ መስማትን፣ ማሽተትን፣ መቅመስንና መዳሰስን ማለታችን ነው። «የስሜት ሕዋሳት» እና «የሕዋሳት ክፍፍል» በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ጀማሪው አንባቢ ግራ ቢጋባ አያስደንቅም። ቃሉን አሁን መለወጥ ጊዜው ያለፈበት ይመስለናል፤ በብዙ ቁጥሩ ግን መለየት ይቻላል። «ሕዋሳት» የሚለው የግእዙ አበዛዝ ለስሜቶቹ ይተው፤ ለሥነ ሕይወቱ «ሕዋሶች» እንበል። ይህ ጽሑፍም በዚሁ አካሄድ ተጽፏል።