የሥራ ማስታወቂያ ከፈላጊው ዓይን እንዳይሰወር

ንግድ የሚሰፋው በገንዘብና በዕቃ ብቻ ሳይሆን ለሥራው የሚስማማ ሰው በጊዜው ሲገኝ ጭምር ነው። በምዕራብ ጎጃም ገጠር በቆሎና በርበሬ የሚሰበስበው ነጋዴም ሆነ በፍኖተ ሰላም ሱቅ የከፈተው ባለንግድ፣ ሒሳብ የሚይዝ፣ መጋዘን የሚቆጣጠር፣ መኪና የሚነዳ ሰው ያስፈልገዋል። በቡሬ የተቀናጀው የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክና የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ተመርቀዋል፤ በዚያችው ከተማ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ይገኛል። እንግዲህ ሥራ ፈላጊው ከአሠሪው ደጃፍ ሩቅ አይደለም፤ ሁለቱን የሚለያያቸው ብዙ ጊዜ የማስታወቂያው አጻጻፍ ነው።

ጥንት ማስታወቂያ በሰሌዳ ይለጠፍ ወይም በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ይወጣ ነበር። ዛሬ ብዙው ሰው በቴሌግራም ያስነግራል። ይሁን እንጂ በዚያ የወጣው ቃል ወዲያው በአዳዲስ መልእክት ሥር ይቀበራል፤ ሌላውም እየገለበጠ ሲያሠራጨው የመመዝገቢያው ቀን ይጠፋል፤ አልፎ አልፎም ደላላ በመካከል ገብቶ ከአመልካቹ ገንዘብ ይጠይቅበታል። ስለዚህ ድርጅቱ በራሱ ድረ ገጽ ያወጣው ማስታወቂያ ቀድሞ ቢገኝ፣ አመልካቹ እውነተኛውን ቃል ከባለቤቱ ያገኛል።

ጎግል የሥራ ማስታወቂያዎችን ለብቻ ለይቶ ማሳየት የጀመረው በ2009 ዓ.ም. በአሜሪካ ነው። ይህንንም የሚያደርገው በ2003 ዓ.ም. ታላላቆቹ የመፈለጊያ ድርጅቶች ተስማምተው ባቋቋሙት «ስኪማ» በተባለው የጋራ ምልክት አማካይነት ነው። ድረ ገጹን የሚሠራው ባለሙያ በዚህ ምልክት አምስት ነገሮችን ማስገባት ግዴታው ነው፤ እነርሱም የሥራው መጠሪያ፣ ዝርዝሩ፣ የወጣበት ቀን፣ የአሠሪው ስምና የሥራው ቦታ ናቸው። ደመወዝና የመዝጊያ ቀን ቢጨመሩ ደግሞ ይመረጣል።

አያሌ ድርጅቶች የሚሳሳቱት ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት በስልክ ፎቶግራፍ አንሥተው በመለጠፍ ነው። የመፈለጊያው መሣሪያ ግን በሥዕል ውስጥ ያለውን የአማርኛ ጽሑፍ በአስተማማኝ ሁኔታ አያነብም፤ ስለዚህ ቃሉ በፊደል መጻፍ ይገባዋል። ለእያንዳንዱም ሥራ የየራሱ ገጽ ይሰጠው፤ አምስት ሥራዎችን በአንድ ገጽ መደርደር አይጠቅምም። መጠሪያውም «የሒሳብ ሠራተኛ» ተብሎ ይብቃ፤ ደመወዙ፣ ቀኑና የድርጅቱ ስም በየቦታቸው ይግቡ እንጂ በመጠሪያው ላይ አይከመሩ።

ሁለተኛው ችግር ከፊደላችን የመጣ ነው። አንዱ «ሥራ» ሲል ሌላው «ስራ» ይላል፤ «ጸሐፊ» እና «ፀሀፊ»፣ «ፍኖተ ሰላም» እና «ፍኖተሰላም» እየተባለ ይጻፋል። ሰው አንድ መሆናቸውን ያውቃል፤ መሣሪያው ግን ሁልጊዜ አንድ አድርጎ ላይቆጥራቸው ይችላል። መጠሪያው በትክክለኛው አጻጻፍ ሆኖ፣ በዝርዝሩ ውስጥ የተለመደው ሌላ አጠራር፣ ለምሳሌ «አካውንታንት»፣ እንዲሁም የከተማው ስም በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ ቢጠቀስ መልካም ነው። ደጋግሞ መደርደር ግን አንባቢውን ከማሰልቸት በቀር ትርፍ የለውም።

ከሁሉ የሚከፋው የዘመን አቈጣጠር ስሕተት ነው። ምልክቱ የሚቀበለው የአውሮፓን ቀን ብቻ ነው። ማስታወቂያው መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ በ11 ሰዓት የሚዘጋ ቢሆን፣ በምልክቱ ውስጥ 2025-10-10፣ 17 ሰዓት ተብሎ መግባት አለበት። ጸሐፊው ሳያስብ 2018-01-30 ብሎ ያስገባው እንደ ሆነ፣ መሣሪያው ማስታወቂያውን ከሰባት ዓመት በፊት ያለፈበት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ሥራው ገና በተከፈተ ዕለት ከፈላጊው ይሰወራል። ለሰው በሚነበበው ጽሑፍ ግን የኢትዮጵያ ቀን ሳይለወጥ ይቀመጥ።

ሰው የተገኘለት ሥራ ወዲያው ከገጹ ይነሣ። ያለፈበትን ማስታወቂያ ክፍት አስመስሎ ማቆየት አመልካቹን ከገጠር በከንቱ ያስመጣዋል፤ የጎግልም ደንብ ስለሚከለክለው የድርጅቱ ማስታወቂያዎች ሁሉ ከሥራ ዝርዝሩ እንዲወጡ ሊያደርግ ይችላል። ለማመልከቻ ገንዘብ ማስከፈልም በዚሁ ደንብ የተከለከለ ነው።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር የሚዘነጋ ነጋዴ የለም። ስለዚህ ገጹ በደካማ መስመርም እንዲከፈት ቀላል ይሁን፤ የሰሌዳውም ማስታወቂያ አይተው።

ገጹ እንደ ተዘጋጀም ጎግል በነፃ ባቀረበው መፈተሻ ምልክቱ ይመርመር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ባለንግዱ ራሱ እንደ ሥራ ፈላጊ ሆኖ የሥራውንና የከተማውን ስም ጽፎ ይፈልግ። የራሱን ማስታወቂያ ባለቤቱ ካጣው፣ ወጣቱ አመልካች ከየት ያገኘዋል?