መርፌዋ ስትዋሽ

አሮጌ ላዳ የሚነዳ ሰው ዳሽቦርዱ ላይ አዘውትሮ ዓይኑን የሚጥለው የሙቀት ጌጁ ላይ ነው። መርፌዋ ወደ ቀዩ ስትጠጋ ልቡ ይሸበራል፤ ታች ስትቀመጥ ይረጋጋል። እኔን ይበልጥ የምታስፈራኝ ግን ታች የተቀመጠችው ናት። ውሃው ፈስሶ ያለቀበት ሞተር ብዙ ጊዜ ጌጁ ላይ ቀዝቃዛ መስሎ ይታያል። ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰር የተሠራው ውሃ ውስጥ ተነክሮ እንዲቀመጥ ነው፤ ውሃው ሲጎድልበት በአየርና በእንፋሎት መሐል ይንጠለጠልና የሞተሩን ግለት በትክክል መናገር ያቅተዋል። ሾፌሩ «ዛሬስ ደህና ናት» እያለ ሲነዳ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ ይጣመማል። ስለዚህ መርፌዋ ያልተለመደ ነገር ስታሳይ መጀመሪያ የሚነካው ሽቦ አይደለም። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ውሃውን ማየት ይቀድማል። በጋለ ሞተር ላይ ክዳኑን የከፈተ ሰው ፊቱን ያቃጥላል።

ውሃው ሙሉ ከሆነ ወደ መለኪያው እንሂድ። በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ለዓመታት ያገለገለችው ላዳ የፊያት 124 ልጅ ናት። ቮልጋ ወንዝ ዳር ባለችው ቶሊያቲ መመረት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ የሙቀት መለኪያዋ አሠራር እጅግ ቀላል ነው። ቴስታታው ላይ የተጠመደ አንድ ሴንሰር አለ፤ ከሴንሰሩ እስከ ዳሽቦርድ የሚሄድ አንድ ሽቦ አለ፤ ከዚያ መርፌዋ። ሴንሰሩ ሲቀዘቅዝ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ከፍተኛ ነው፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። በ30 ዲግሪ ከ1,000 ኦም በላይ የነበረው በ90 ዲግሪ ከ200 ኦም በታች ይወርዳል። መርፌዋ የምታነበው ይህን ተቃውሞ ብቻ ነው። ሙቀቱን ራሱን አይታው አታውቅም።

ይህን የተረዳ ሰው ምርመራውን በባዶ እጁ ሊጀምር ይችላል። ሞተሩ ሞቆም መርፌዋ ካልተነሣች፣ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን መክፈት፣ ሽቦውን ከሴንሰሩ መንቀልና ጫፉን ለአፍታ ማሳ፣ ማለትም የሞተሩን ንጹህ ብረት፣ ማስነካት ነው። መርፌዋ ወደ ቀዩ ከወጣች ሽቦውም ጌጁም ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው። ካልተነቃነቀች ወይ ሽቦው መንገድ ላይ ተቆርጧል፣ ወይ ጌጁ ሞቷል። የቤንዚን ጌጁም አብሮ ከቆመ ደግሞ ፊውዙን ሳያዩ ሴንሰር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። በአሮጌ ቶዮታዎች ላይ ሽቦውን በቀጥታ ከማስነካት ይልቅ በመሐሉ ትንሽ አምፖል ማስገባት ይሻላል፤ የነሱ ጌጅ በውስጡ ጥቃቅን ማሞቂያ ስላለው ሙሉ ኃይል ሲያልፍበት ሊቃጠል ይችላል።

ተቃራኒውም አለ። ሌሊቱን ቆማ ያደረች መኪና ቁልፍ እንደተከፈተ መርፌዋ ቀዩ ላይ ከተሰቀለች፣ ሽቦውን ከሴንሰሩ ንቀሉት። ከወረደች ሴንሰሩ በውስጡ ተያይዟል። ከላይ ከቀረች አብዛኛውን ጊዜ ሽቦው ልባሱ ተልጦ ከቦዲው ጋር ይነካካል፤ ከጋለ ብረት አጠገብ የሚያልፍበትን ቦታ በጣት እየዳሰሱ መፈለግ ነው።

በብዙ ጋራዥ የሚታለፍ አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጥቀስ። ሴንሰሩ ማሳውን የሚያገኘው በራሱ ጥርስ በኩል ነው። ውሃ እንዳያፈስ ተብሎ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን በወፍራሙ ሲጠቀለልበት ግንኙነቱ ይዳከምና አዲሱ ሴንሰር ከአሮጌው የባሰ ይዋሻል። ከዝገትና ከካልሲየም የተሠራ ቅርፊት ሲለብስም ከሙቀቱ ይጋረዳል።

ሴንሰሩን እርግጠኛ ሆኖ ለመፈተን የሚያስፈልገው ድስት ውሃ፣ ቴርሞሜትርና ኦም የሚለካ ቴስተር ነው። የቴስተሩ አንድ ጫፍ ሽቦ የሚሰካበት ላይ፣ ሌላው የሴንሰሩ አካል ላይ ሆኖ፣ ውሃው ሲሞቅ ቁጥሩ ሳይቋረጥ መውረድ አለበት። እዚህ ላይ ያለ ቴርሞሜትር የሚሠራ ሰው አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል። «ውሃው ፈልቷል፣ ስለዚህ 100 ዲግሪ ነው» ይላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ጤነኛ ሴንሰር በዚህ ስሌት ተኮንኖ ይጣላል።

ይኸው ከፍታ ስለ ራዲያተር ክዳን የሚነግረን ነገር አለ። ሞተሩ በደህናው ቀን የሚሠራው ወደ 90 ዲግሪ ተጠግቶ ነው። ሙቀቱ ከዚያ ጥቂት ሲያልፍ ውሃው ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊቱን ሲለቅ፣ መርፌዋ መሐል ላይ እያለች ራዲያተሩ ይንተከተካል። ሰው ጌጁን ይወቅሳል፤ ጌጁ ግን እውነቱን ነበር የተናገረው።

ቴርሞስታት አውልቆ መጣልም እንዲሁ ያሳስታል። ሞተሩ አፈላ ተብሎ ቴርሞስታቱ ሲወጣ ውሃው ያለ ማቋረጥ ይዞራል፣ ሞተሩ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ቤንዚን ይፈጃል፣ መርፌዋም ታች ትቀራለች። ከዓመት በኋላ መኪናዋን የገዛው ሰው ጌጅ የተበላሸበት ይመስለዋል። ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ቴርሞስታት የሌላት መኪና ጌጅ ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን የሚነግረን ጥቂት ነው።

አሮጌ ቮልስ ያላቸው ከዚህ ሁሉ ነፃ ናቸው፤ ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተርም ውሃም የለውም።

ጌጁ ከተጠገነ በኋላ በሜዳ መንገድ መርፌዋ የምትቆምበትን ቦታ በዓይን ያዙት። የአባይ በረሃን ዳገት ወደ ጎሃ ጽዮን ስትወጡ ከዚያ ቦታ ስትነሣ ካያችኋት፣ ቀዩን ሳትጠብቁ የካቢኑን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱና ዳር ያዙ።